አማቴ ያልተቀመጡበት መቀመጫ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ሲገባ፣ ከጎጃም መልእክት መጣ። እናቷ ሊያርሷት አይመጡም። "ጉልበቴ እሺ አይለኝም፤ አክስትሽ ትምጣልሽ" ብለዋል። ጉልበታቸው የፈራው መንገዱን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የፈራው መካኒሳ ያለውን የቤታችንን ሽንት ቤት ነበር። ለሠርጋችን መጥተው ሳለ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ላይ ቁጢጥ ብለው መነሣት ስላቃታቸው፣ ሁለት ሴቶች ጎትተው ነው ያወጧቸው። በማግሥቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው አገራቸው ገቡ።

"እናቴ ሳትኖር እንዴት ነው የምወልደው?" አለች ባለቤቴ።

"ይምጡ በያቸው። መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት እዚሁ ቤት ውስጥ ይሠራል" አልኳት።

"ማን ይሠራዋል?"

"እኔ ነኛ!"

የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። የውኃ ግፊትን ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ቧንቧ ሠራተኛ ደጅ ልጠና?

መቀመጫውን ምናለሽ ተራ አገኘሁት። ያገለገለ ነው፤ ስንጥቅ ግን የለውም። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ስመጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ "የራሱን ወንበር ይዞ የሚሳፈር ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለ። እስከ መካኒሳ አቦ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅብኝ መጣ።

ከሳሎናችን በአንድ ስስ ግድግዳ የምትለየውን የዕቃ ክፍል ባዶ አደረግኳት። ከእሷ እስከ ጓሮው ጉድጓድ ቱቦ ቀበርኩ፤ መቀመጫውን በሲሚንቶ ተከልኩ፤ የውኃ ሳጥኑን ከበላዩ ሰቀልኩ፤ መጋጠሚያዎቹን በቃጫ ጠቅልዬ ክንዴ እስኪዝል በመፍቻ አጠበቅኩ። ሲያልቅ ባለቤቴን ጠራኋት።

"አየሽ? ጠብ የሚል ነገር የለም!"

እውነቴን ነበር። ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው።

በሰፈራችን ውኃ በሳምንት ሁለቴ ከመጣ እሰየው ነው። ይህን አጥቼው አይደለም፤ በደስታ ብዛት ረስቼው ነው እንጂ። በማግሥቱ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ከዚያች ክፍል አንድ ነገር ፏ አለ። በሩን ስከፍተው ከመጋጠሚያው የሚወረወረው ውኃ ግንባሬን አለኝ። ሮጬ ወጥቼ ቆጣሪውን ዘጋሁት። ቆጣሪው ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ግቢውን ከምንጋራቸው እትዬ ጋር የጋራ ነው። እሳቸው በዚያች ሰዓት በርሜላቸውን ቧንቧ ሥር ደቅነዋል።

"መምህር! ምን አድርጌህ ነው?" ብለው ጮኹ።

"ይቅርታ እትዬ፣ አንዴ ላጥብቃት ብዬ ነው።"

"በስንት ቀኗ ብቅ ያለችውን ውኃ ነው የምትዘጋብኝ? ክፈት!"

ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት ጠላቴም አይየው። ውኃ በሌለበት ቀን ብጠግነው መፍሰስ አለመፍሰሱን አላውቅም። ባለበት ቀን ልጠግነው ስል እትዬ ቆጣሪው አጠገብ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል። ያን ሰሞን ክፍል ገብቼ ስለ ውኃ ግፊት ሳስረዳ፣ ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበር ነበር። በመጨረሻ መፍሰሱ ቆመ። ድምፁ ግን አልቆመም፤ ሲለቀቅ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ሳጥኑ እስኪሞላ ደግሞ ያፏጫል። ይሄ ምን አለው ብዬ ተውኩት።

"መቀመጫ አለው" ተብሎ ተላከባቸውና አማቴ መጡ። እንደ አገራቸው ወግ አማች ያፍራሉ። እንደ ልጃቸው ብሆንም አንቱ ነው የሚሉኝ፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መሬት መሬት እያዩ ያናግሩኛል። እኔ ደግሞ ሥራዬን ላሳይ ቸኩያለሁ። ወደ ክፍሏ ወሰድኳቸውና፣ ልክ እንደ ማስተምር ሆኜ መልቀቂያውን ሳብኩት። አጓራ። አፏጨ። አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አደረሱት።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ የተማሪዎች ደብተር ሳርም በመስኮት አየኋቸው። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በአንድ እጃቸው ሆዷ የገፋውን ልጃቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ጉድጓድ ይሄዳሉ። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት "ጉልበቴ አልቻለም፤ ነገ ልሂድ፤ አክስትሽ ትምጣልሽ" አሉ።

ደሜ ፈላ። ባለቤቴን ኩሽና ድረስ ተከትያት ገባሁ።

"ምን ጎደለው? ይነቃነቃል? ይፈሳል?"

"አንተ አለህ" አለችኝ።

"የት?"

"ሳሎን ነዋ! አማቿ እኮ ነህ። አንተ ደብተር እያረምክ፣ እሷ እዚያ ገብታ ያ ነገር ሲያጓራ ልትሰማ? ሞቷን ትመርጣለች።"

አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ውኃው ሳስብ ስለ እሳቸው አንድም ቀን አላሰብኩም።

ወደ ሳሎን ተመለስኩና "ቆጣሪውን አይቼ ልምጣ፤ ትንሽ እቆያለሁ!" ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ወጣሁ። እንደ ዕድል ሆኖ ውኃ የመጣበት ቀን ነበር። እትዬ በርሜላቸውን ሞልተው ጨርሰዋል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለችው የቆጣሪዋ መርፌ ቀጥ ብላለች። እትዬ ሲያዩኝ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

"ልትዘጋ ነው?"

"ኧረ አይደለም እትዬ። እየጠበቅኩ ነው።"

"ምኑን?"

ልመልስላቸው ስል ከቤት ውስጥ ያ ወፍጮ አጓራ። መርፌዋ ተሽከረከረች። ያን የጠላሁትን ፉጨት ስሰማ ከደስታዬ ብዛት እትዬን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። መርፌዋ እስክትቆም ጠብቄ ገባሁ።

አማቴ ሳሎን ጥጥ ይፈትላሉ።

"ቆጣሪው ደኅና ነው?" አሉኝ መሬት መሬት እያዩ።

"ደኅና ነው እማማ።"

ስለ መሄድ ዳግመኛ አላነሡም። ሴት ልጅ ተወለደችልን፤ እስከ ክርስትናዋ ሰማንያውን ቀን አብረውን ቆዩ። አንድ ቀን፣ ውኃ ከጠፋ ሦስት ቀን አልፎት፣ ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ጋዜጣ ሳነብ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"ዛሬ ቆጣሪውን አላዩትም እንዴ?" አሉኝ።

በባልዲ የተቀዳውን ውኃ ከሽንት ቤቱ በር ሥር አስጠጋሁላቸውና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።