የአያ ታከለ ጉልበት

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ይኼም ራሱ ፈሪነት ነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴ ጎንደር፣ ፀዳ ነው፤ ሥራዬ ግን ከዳባት እስከ አዲ አርቃይ ያንከራትተኛል። የወሩን ግማሽ የማድረው በየወረዳው አልቤርጎ ነው። በአርባ ዓመቴ ማራቶን እሮጣለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሰው ሳቀብኝ፤ እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የልምምድ ፕሮግራሜን በወረቀት ጽፌ ከክትባት መዝገቡ ጋር በአንድ ቦርሳ ይዤ እዞር ነበር። የትም ልደር የት፣ ጠዋት ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። አንድ ቀን አላጓደልኩም። በዚህ እኮራ ነበር።

ያን ቀን ወረቀቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይላል። ከደባርቅ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር ለበጎች የፈንጣጣ ክትባት ልንሰጥ ቀጠሮ ነበረን። ዕለቱ መድኃኔዓለም ነው። ገበሬው በበዓል ስለማያርስ፣ በጎቹን ሰብስቦ እንዲጠብቀን እኛም በዓል እንመርጣለን። ግማሹ መንደር ግን «በመድኃኔዓለም መርፌ? ይኼስ ሥራ አይደል?» ብሎ አንገራግሮ ነበር። ያሳመኗቸው አያ ታከለ ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው፣ አሥራ አራት በግ ያላቸው፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ። «ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን» አሏቸው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ሆኖ መኪናው ውስጥ ነው። በረዶውን ካደርኩበት ደባርቅ ቀይሬ መነሣት ነበረብኝ፤ የወረዳው ቢሮ እስኪከፈት ብጠብቅ ፀሐይ ትወጣብኛለች፣ ሩጫዬ ይበላሻል አልኩና ተውኩት። ሾፌሩን «የመንደሩ መገንጠያ ላይ ጠብቀኝ፤ በዙሪያ ሮጬ እመጣለሁ» አልኩት። እግሬ ያን ጠዋት ሸጋ ነበር፤ ዳገቱ አልከበደኝም። ሠላሳውን ጨርሼ አራት ጨመርኩ። ማን ጨምር አለኝ? ማንም።

መኪናው ጋ ስደርስ ፀሐይዋ በርትታለች። ሳጥኑን ከፈትኩት፤ በረዶው ውኃ ሆኗል። ጠርሙሱን በመዳፌ ያዝኩት፤ ለብ ብሏል። እንደዚያ የሆነ ክትባት ከውኃ እንደማይሻል አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። መንደሩ ስንገባ በጎቹ ከማለዳ ጀምሮ ቆመዋል። አያ ታከለ «ምነው ዘገየህ ልጄ?» አሉኝ እንጂ አልተቆጡም። ምን ልበላቸው? ስሮጥ ነበር ልበል? ጎንደር ተመልሼ ሌላ ላምጣ ብል የሳምንቱ ልምምዴ ይስተጓጎላል። ስለዚህ ወጋሁ። አንድ በአንድ ሁሉንም ወጋሁ። መዝገቡ ላይም «ተከትበዋል» ብዬ ፈረምኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ የበግ ፈንጣጣ ገባ። ከአያ ታከለ በጎች የተረፉት ሁለት ናቸው፤ የጎረቤቱም እንዲሁ ረገፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው፤ እኔን የጠረጠረ አንድም ሰው የለም። መድኃኔዓለም ተቆጣ አሉ። አያ ታከለም አመኑ። «በዓል ሽሬ፣ ሰውንም አሳሳትኩ» ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። የሦስት ዓመት ቀኖና ተሰጣቸው፤ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አርባ አንድ ስግደት።

ይህን ያወቅሁት እየሮጥኩ ነው። ከወራት በኋላ ለሥራ ተመልሼ በቅጥሩ ሥር ሳልፍ፣ ድንጋይ ተደግፈው ከስግደት ሲነሡ አየኋቸው። ቆምኩ። ነገሩን ሁሉ ያለ ቅሬታ አጫወቱኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «የኔስ አለቀ፤ ያንተን ጉልበት ይጠብቅልህ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። አሜን ብዬ ሩጫዬን ቀጠልኩ። ከበጎቹ ሞት ይልቅ ያ አሜን ነው ያሳፈረኝ።

ማራቶኑን ጨረስኩ። ሜዳሊያውን ሚስቴ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። እኔ ወደዚያ ግድግዳ አላይም።

ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ሰው ነኝና ተሳሳትኩ ልል እችላለሁ። አልልም። በረዶው መቅለጡ ስህተት ነው እንበል፤ መርፌውን ስሰካ ግን እያወቅሁ ነው። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ቀኖናው ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ፤ ባለፈው ሳምንትም ብዬ ነበር። ከደባርቅ እስከ ቤታቸው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ለእኔ እግር የአንድ ሰዓት መንገድ። ዛሬ ጠዋትም አርባ አንድ ጊዜ ወድቀው ተነሥተዋል።