ከየትኛውም መደርደሪያ የማይገባው

እህቴ ዕድሜዋን የፈጀችው በኮሌጅ የናሙና ክፍል ውስጥ ነው፤ በብልቃጥ የተዘፈዘፈ እንቁራሪት፣ የደረቀ ቅጠልና እንጉዳይ ስትደረድር። አዲስ ነገር ሲመጣላት መጀመሪያ ጥያቄዋን ታወርዳለች። ምግቡን ከብርሃን ራሱ ይሠራል? ወደ እፅዋት። ሌላውን ይውጣል? ወደ እንስሳት። ያረፈበትን እየመጠጠ ይኖራል? ወደ ፈንገስ። በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎችም የራሳቸው ሳጥን አላቸው። ልማዱ ተጣብቷት ቤትም አይለቃት። አንዴ የአማቷን ፀጉራም ኮት ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ "ይሄ ከየትኛው ወገን ነው?" ስትል፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባሏ አናጢ ነው። ሳቁ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቀ ወዲህ ግን አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ብቻ ተከፍቶ ፊት ለፊቱ እንደተተከለ ይውላል። ሐኪሙ "ውስጡ ሰው የለም፣ አትድከሙ" አለ። አማቷም እያለቀሰች፣ ተስፋ የሌላቸው ወደሚተኙበት ቦታ ሰኞ እንዲወሰድ ወሰነች፤ ቤቱ የእሷ ነው። እህቴ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ያ ነገር ብቅ ያለው በዚያው ሰሞን ነው። ከአልጋው ፊት ለፊት ባሏ ጀምሮ የተወው ሳንቃ እርጥበት ጠጥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከሥሩ ቢጫ ነገር ወጣ። እንደ ፈሰሰ አስኳል ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ደም ሥር ይመስላል። ጠዋት ታች ያየሁት ከሰዓት በኋላ መሃል ደርሷል። ሲሄድ ግን ማንም አያየውም። ቆሌዬ ተገፈፈ።

"እትዬ፣ በፈጠረሽ ጥረጊውና ጣይው!"

"ተይ እስቲ! ድሮ ሊቃውንቱ ከፈንገስ ጋር ነበር የሚቆጥሩት። ግን ይሄዳል፣ ምግቡንም ከቦ ይውጣል። እንስሳ እንዳትይው አፍ የለው፣ ሆድ የለው። አሁን ከሁሉም ለይተውታል።"

ይባስ ብላ የአጃ ፍሬ ሳንቃው ላይ ትለጥፍለት ጀመር። ቢጫው ነገር ፍሬ ወዳለበት ይጎተታል። ከዚያ አንድ ቀን ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ "ባሌ ያየዋል" አለችኝ።

"ምኑን ያያል? ዓይኑ ንቅንቅ አይል!"

"ይሄ ነገር በሰዓት ስንት ይሄዳል ብለሽ ነው? እሱን የሚከተል ዓይን የቆመ ነው የሚመስለው። ነይ፣ አጠገቡ ተጋደሚ።"

እየቀፈፈኝ ተጋደምኩ። ጠዋት ወደ ሳንቃው ሥር ያይ የነበረው ዓይን አሁን ወደ ላይ ቀንቷል። አቅጣጫውን ብከተል ልክ ቢጫው ጫፍ ላይ አረፍኩ። ሰውየው እዚያ ውስጥ እንዳለ ማወቄ ነው ወይስ ከተደበቀበት ያወጣው ያ ነገር መሆኑ፣ የትኛው እንዳስፈራኝ እስካሁን አላውቅም። ለሐኪሙ ነገርነው፤ "ሐዘን ነው፣ እረፍት ያስፈልጋታል" ብሎ እህቴን በአዘኔታ አያት። አማቷማ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

እሑድ ከገበያ ስንመለስ በር ላይ የበረኪና ሽታ ተቀበለን። እህቴ ዘምቢሉን ጥላ ሮጠች። አማቷ ተንበርክካ ሳንቃውን ፈግፍጋ ጨርሳለች። አጠገቧ የፋቀችውን የጨመረችበት የበረኪና ባልዲ አለ።

"እማማ! ምን አደረጉ?"

"ምን አደረጉ ትለኛለች እንዴ! ልጄ ከዚህ ቤት ሻጋታ ታቅፎ አይወጣም!"

እህቴ አልጋውን ነበር የምታየው። እኛም ዞርን።

ዓይኑ ይንቀሳቀሳል። ያ ስንት ጊዜ ደርቆ የከረመ ዓይን ሳንቃውን ከታች እስከ ላይ ያስሳል፣ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ተመልሶ ሳንቃው ላይ ይወድቃል። እንደዚያ ሲጣደፍ ሬሳ ብድግ ያለ ነው የመሰለኝ። ጮኼ ልወጣ ስል እህቴ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

"ልጄ!" አለች እናትየው። "የኔ ጌታ፣ እኔ ነኝ! እየኝ እስቲ!"

ፊቱ ላይ ተደፋች። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ፈለገ። ጣራውን ፈለገ፣ ወለሉን ፈለገ፤ በመጨረሻ ባልዲው ላይ ደረሰና ቆመ። እንባው በጉንጩ ወረደ።

እናትየው ቀስ ብላ ከአልጋው ላይ ተነሳች። እንደገና ተንበረከከችና ባዶ እጇን በረኪናው ውስጥ ነክራ ያንን ቢጫ ነገር ትፈልግለት ጀመር።