በረራው የቀረበት እርሾ

ድምፅ ማጉያው በረራው መሰረዙን ሲናገር ሚጡ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ምክንያቱ ጭጋግ ነው ተባለ፤ ቀጣዩ በረራ ጠዋት ነው። ሰዉ ግማሹ ተቆጣ፣ ግማሹ ስልኩን አወጣ። ከረባት ያሰረ አንድ ነጋዴ ደግሞ ጭጋጉን እሷ ያመጣችው ይመስል የትኬት ሠራተኛዋን ቁም ስቅሏን አሳያት። ሚጡ አልተቆጣችም። እሷን የጨነቃት ቦርሳው ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ እሱ እስከ ጠዋት የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም።

ቦርሳው ውስጥ ያለው እርሾ ነው። እርሾ ብቻ? የሚል ሰው ካለ የጋጋሪ ልጅ አይደለም ማለት ነው። የሚጡ አባት እርሾውን ከእናቱ ወረሰ፣ እናቱም ከአክስቷ። ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ በየቀኑ ዱቄትና ውሃ ይበላል። አዎ፣ በዚያ ቤት እርሾ "ይበላል" ነው የሚባለው። አባቷ ራሱ ምሳውን ረስቶ የዋለባቸው ቀኖች ሞልተዋል፤ እርሾው ጦሙን ያደረበት ቀን ግን የለም።

ታላቅ ወንድሟ ከአባቱ ጋር የተጣላውም እዚያው ባልዲ አጠገብ ነው። ሌላ ከተማ ሄጄ የራሴን ዳቦ ቤት እከፍታለሁ አለ። አባቱ ደግሞ ይሄኛው ምን አነሰህ አለው። ቃል ቃልን ወለደና በመጨረሻ አባትየው "ሂድ፤ እርሾዬ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም" ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ መደዋወል እንኳ የለም። ሁለቱም ግትር ናቸው። ልጅየው ግትርነቱን ከጎረቤት አላመጣውም።

ወንድሟ እንዳለው ሄዶ ዳቦ ቤቱን ከፈተ፤ በሱቅ እርሾ። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነበት። ዳቦው ይነፋል፣ ያምራል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ጥጥ ነው። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሸሹ። አዲስ እርሾ አስጀምሮ ቁም ነገር እስኪሆን መጠበቅ ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ እሱ ያን ያህል ጊዜ የለውም። አንድ ቀን ለሚጡ ደወለና፣ ሳልዘጋው አልቀርም፣ ለአባዬ ግን እንዳትነግሪው አላት። ድምፁ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምታው አታውቅም።

አንጀቷ አልቻለም። ጓደኛዬ ሌላ ከተማ ልትዳር ነው ብላ ዋሸችና ትኬት ቆረጠች። በመሄጃዋ ቀን አባቷ የዱቄት መኪና መጥቷል ብሎ ወደ ውጭ ሲወጣ ጠብቃ፣ ከባልዲው ቀንሳ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ደበቀች። እዚህ ላይ ነው የጋጋሪ ልጅ ብቻ የምትሠራውን ስህተት የሠራችው። ሌላ ሰው ቢሆን አቀዝቅዞ ይዞ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ወንድሜ እንደደረስኩ ያቡካበት ብላ፣ በለብ ያለ ውሃ ጥግብ እስኪል አብልታው ወጣች። ስሌቷ እንከን አልነበረውም፣ አውሮፕላኑ ቢነሳ ኖሮ።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ደረሰ። አጠገቧ የተቀመጠው ባለከረባቱ ነጋዴ ትንሽ ሸሸት ብሎ፣ "እህቴ፣ ቦርሳሽ ይተነፍሳል" አላት። ዞር ብላ ብታይ ዚፑ በራሱ ጊዜ ተከፍቶ ነጣ ያለ ነገር ብቅ ብሏል። ጥበቃው መጣ። ሚጡ እርሾ ነው አለችው፤ ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አሸተተና ሳይወድ በግድ ሳቀ። እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም። ክዳኑን ስታነሳው እርሾው ሞልቶ ፈስሶ፣ አሁን ደግሞ መሃሉ እየሰመጠ ነው። ሲነሳ እንጂ ሲወድቅ አይታው አታውቅም፤ በአባቷ ቤት እርሾ ወድቆ አያውቅማ። ከሞተ ደግሞ ወንድሟ ጋ ባዶ እጇን ነው የምትደርሰው።

ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም የሰረቀችው ሰው ነው። ስልኳ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል፤ ቻርጀሩን ያስረከበችው ሻንጣ ውስጥ ትታዋለች። ዓይኗን ጨፍና ደወለች።

"አባዬ፣ እርሾ ወስጄብሃለሁ" አለች። "በረራው በጭጋግ ቀረ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። እርሾው ወደቀ።"

ሚጡ የሚመጣውን ውርጅብኝ ጠበቀች።

"ሽታው ምን ይላል?" አላት።

"ኮምጣጤ ኮምጣጤ።"

"ርቦት ነው። እንዳይሞት አሁኑኑ አብይው።" ከዚያ በእርጋታ አንድ በአንድ ነገራት። ግማሹን ታውጣ፤ የቀረውን በዱቄትና በቀዝቃዛ ውሃ ጠጠር አድርጋ ታሽው፤ ክዳኑን ሳታጠብቅ ብርድ ያለበት ቦታ ታስቀምጠው። ያወጣችውንም እንዳትጥለው፤ ዳቦ አይጣልም። ሚጡ ለማን እንደወሰደችው ልትነግረው አፏን ስትከፍት ስልኩ ጭልም አለ።

አዳራሹ ውስጥ ያልተዘጋው አንድ ካፌ ብቻ ነበር። ባለካፌዋ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምታዳምጥ ሴትዮ ናት። ሚጡ ነገሩን ስታስረዳት በቁሟ አየቻትና፣ ከዚህ ቀደም በረራ የቀረበት ሰው ሙቅ ውሃ ሲለምን፣ ትራስ ሲለምን አይቻለሁ፣ ፉርኖ ዱቄት ስለመን የመጀመሪያዬ ነው አለች። ዱቄቱን ግን ሰጠቻት። ሚጡ አባቷ እንዳለው አሸችው፤ እርሾውም ለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከጠርሙሶቹ መሃል ቦታ ተሰጠው።

የወጣው ግማሽ እርሾ ደግሞ ዱቄት ተጨምሮበት ሊጥ ሆነ፤ ምድጃ ስለሌለ በሳንዱች መጥበሻው ላይ ተጠፍጥፎ ተጋገረ። ሽታው አዳራሹን ሲዞር ወንበር ላይ የተጋደመው ሁሉ ተነሳ። ባለከረባቱ ሆዬ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሊጥ ሊጠፈጥፍ ገባ፤ ሁሉንም ጎርባጣ አደረጋቸው። የመጀመሪያውን ትኩስ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልሎ የወሰደላት ሲጮህባት ለነበረችው ሠራተኛ ነው። ጥበቃው ለምርመራ ነው እያለ ደጋግሞ በላ። ሚጡ ራሷ ግን የቆረሰችውን ሳትቀምስ አስቀመጠችው። አባቷ አለመቆጣቱ ከቁጣው ይልቅ አስፈርቷት ነበር።

ሲነጋ መጀመሪያ ያየችው ማቀዝቀዣውን ነው። እርሾው ጀርባውን አንስቶ፣ ክብ ብሎ ክዳኑን እየገፋ ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ባለካፌዋን አቅፋ ሳመቻትና ለበረራው ሮጠች።

ወንድሟ ዱቄት የነካው ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር መውጫው ላይ ቆሞ ነበር። እንኳን ደህና መጣሽ አላላትም።

"በላ?" አለ፣ ወደ ቦርሳው እያየ።

"ማን ነገረህ?"

"አባዬ ደወለ።" ቁጥሩን ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት እንደነበር ነገራት። አባቱ ግን ትናንት እንደተለያዩ ሁሉ፣ የዚያ አገር ውሃ እንዴት ነው፣ ይከብዳል ይቀላል ብሎ ነው የጀመረው። ከውሃ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ እሱ ጤንነት ሄዱ። ሲያወሩ ምድጃ ውስጥ የነበረው ዳቦ አረረ።

"እኔ ወደ አንተ እንደምመጣ አልነገርኩትም እኮ" አለች ሚጡ።

ወንድሟ ሳቀ። "'ሰርግ የሚሄድ ሰው እርሾ አይሰርቅም' አለኝ። ደግሞ ትኬቱን አስቀድሞ አይቶታል። የኛ አባት ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። በዋዜማው ባልዲውን እጥፍ ያበላው፣ ጠዋት ጥሎልሽ የወጣው ለምን መሰለሽ?"

"የዱቄት መኪና መጥቶ ነው የወጣው።"

"በዚያ ቀን መኪና አልመጣም፣ ሚጡዬ።"

ሚጡ እዚያው መንገደኛ መሃል ቆማ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ትስቅ ነበር። ወንድሟ ዕቃውን ተቀብሏት ክዳኑን ከፈተና ፊቱን አስጠግቶ አሸተተ፤ ብዙ ቆይቶም ቀና አላለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጠራ አወጣውና ድምፁን ለሚጡም እንዲሰማ አደረገው።

"ደረሰች?" አለ አባትየው።

"ደርሳለች።"

"እርሾውስ?"

"መጥተህ እየው፣ አባዬ" አለው።

ከወዲያ በኩል የባልዲ ክዳን ሲከደን ተሰማ።

"ጭጋግ ከሌለ" አለ አባትየው።