የሟች ጥይት ይፈታል

ኦሪን ሃውገን የጥይት መሙያና መፍቻ መጭመቂያ ሊገዛ ወደ ክሊት የጠመንጃ መደብር የገባው በግንቦት፣ ጓደኛው ቬርል በሞተ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስት የለው፣ ውሻ የለው፤ የነበረው ቬርል ነበር።

«ይቺን ውሰድ፤ ቀላል ናት፣ ዋጋዋም ደህና ነው» አለው ክሊት አንዷን ወደ ፊት እየገፋ።

ኦሪን እጀታዋን ይዞ ወዘወዛት። «ይቺ ለድንቢጥ ጥይት ትሆናለች። የኔ ሃምሳ ካሊበር ነው። አረሩን ከቀለሁ ስትነቅል አብራ ትነቀላለች።» ከመደርደሪያው ሥር የተጎለተውን ጥቁር ብረት አየና፣ «ያንን አምጣው» አለ።

«እሱን? እኔ አላነሳውም፤ ወገቤን እወደዋለሁ! ለመሆኑ ለስንት ሰው ጥይት ልትሞላ ነው? ጦር ልታዘምት ነው እንዴ?»

«ለማንም አልሞላም። የቬርልን ልፈታ ነው።»

ክሊት ሳቁን ዋጠ። ተጋግዘው መኪናው ላይ ጫኑት።

እዚያ አሜሪካ፣ ሞንታና ሜዳ ላይ፣ ቀለህ እየለቀሙ ባሩድ እየሞሉ የሚተኩሱ ሰዎች ሕግ አላቸው፤ ማንም አልጻፈውም። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩስም። የሞተ ሰው የሞላው ደግሞ ይፈታል፤ ባሩዱም ሣር ላይ ይበተናል። ከዚህ ሕግ ውጭ የነበሩት ቬርልና ኦሪን ብቻ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቬርል ጋራዥ፣ ኦሪን እጀታ ይጫናል፣ ቬርል ባሩድ ይመዝናል፤ አንዱ የሌላውን ሳይጠራጠር ይተኩሳል።

ታዲያ ባለፈው መስከረም ቬርል አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሌላ ቀን የተሳሳተ የባሩድ ጣሳ አነሳ። ኦሪን ለብቻው ጠርቶ መምከር ሲችል፣ በተኳሾች ክለባቸው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ቬርል ከእንግዲህ ባሩድ ባይነካ ይሻላል፤ አእምሮው እየከዳው ነው» አለ። ሰው ፊት! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቬርል ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ እስከ ሞቱም አላናገረው።

ከቀብሩ በኋላ የቬርል ሚስት አርዲስ የእንጨት ሣጥን አስጨበጠችው። ውስጡ አርባ ጥይት፤ ሃያው ላይ «ኦሪን»፣ ሃያው ላይ «ቬርል» የሚል ወረቀት። «በብርዱ ወራት የሞላቸው ናቸው» አለችና በሩን ዘጋችበት። የቀድሞውን መጭመቂያ ልጃቸው ከነጋራዡ ዕቃ ሸጦታል።

አዲሱን መትከል ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በአራት ብሎን አስሮ እጀታውን ቢጫነው፣ ጠረጴዛው የኋላ እግሮቹን ብድግ አደረገ። ኦሪን ጠረጴዛውን ሰደበ። ከዚያ የባቡር ሐዲድ ግንድ አምጥቶ ከሥር ደገፈው፤ ከግድግዳው ጋር በብረት አሠረው፤ እንደገና በሳ፣ እንደገና አጠበቀ። ጨርሶ ራቅ ብሎ ሲያየው፣ ለካ መጭመቂያውን ቀኝ ጥግ ላይ ነው የተከለው፤ በግራ በኩል አንድ ሰው ከነበርጩማው ከነሚዛኑ የሚቀመጥበት ቦታ ትቶ! ማን ሊቀመጥበት ነው እንግዲህ? ነቅሎ እንደገና ለመትከል አቅም አጣ። ሚዛኑን እዚያው አኑሮ፣ በተነሳ በተቀመጠ ቁጥር ጉልበቱ እየተንቋቋ ሠራ።

የፈለገውን ልንገራችሁ። ስህተት ነው የፈለገው። ባሩዷ የተዛነፈ አንዲት ጥይት ብታጋጥመው «ልክ ነበርኩ» ሊልና እንቅልፍ ሊወስደው። የወዳጁን ስህተት እንደዚህ መመኘቱ ያሳፍረው ነበር፤ ግን ተመኘ።

የራሱ ስም ካለባቸው ጀመረ። ጥይቷን አቆማት፤ አረሯን መጭመቂያው አናት ላይ አስያዘ፤ እጀታውን ተጫነ፤ ወጣች። ባሩዱን መዘነ። ልክ ነው። ሁለተኛዋም ልክ። አሥረኛዋም። ሃያኛዋም ልክ! እንደ ሕጉ ባሩዱን ይዞ ወጣና ሣሩ ላይ በተነው።

ከዚያ የቬርልን የመጀመሪያዋን ሲያነሳ እጁ ላይ ቀለለችው። ፈታት። ባዶ ናት። ሌላዋም ባዶ። ሃያውም ባሩድ የሚባል አልነካቸውም። «ይኸው! ይኸው!» አለ ብቻውን ጮክ ብሎ። ወይ እፎይታ! ወዲያው ለአርዲስ ደወለ።

«አርዲስ፣ ቬርል የራሱን ሃያዎቹን ባሩድ ሳይጨምር ነው የዘጋቸው። ረስቶ ነው።»

«አልረሳም።»

«በእጄ ፈታኋቸው እኮ!»

«አልረሳም አልኩህ። በየመደብሩ ባሩድ ጠፍቶ የለ? የቀረው ለሃያ ብቻ ነበር። ለአንተ አደረገው።»

«ታዲያ የራሱን ባዶውን ለምን ይዘጋል?»

«ለሰኔው የተኩስ ውድድር ይዞልህ ሊመጣ ነበራ። ‹ያ ግትር የኔን ባዶ ካየ እሱም አልተኩስም ይላል፤ እስኪጨርስ ሙሉ ይምሰለው› አለኝ። እየሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።» ቀጥላም፣ «ያንተዎቹስ? ተኮስካቸው?» አለች።

ኦሪን በመስኮቱ ወደ ሣሩ አየ። «ፈታኋቸው።»

«ልክ ነበሩ?»

«ሁሉም። አንዲትም አልተዛነፈችም።»



«እንግዲያው ለክለቡ ንገራቸው» አለች አርዲስ። «ያኔ እንዳደረግከው፣ ተነስተህ፣ ሰው ፊት።»

ኦሪን «እነግራቸዋለሁ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እንባ ቀደመው። ድምፁ ተመልሶለት ሲናገር አርዲስ ስልኩን ዘግታለች።