የሁለት ሴቶች ኩርፊያና አንዲት የስፌት መኪና

ሰፈሩ «መካኒኳ» ነው የሚላት። መኪና ነድታም ጠግናም አታውቅም፤ ጎማ ፍቺ ብትባል ወደ ወንድሟ ነው የምትጠቁመው። የእሷ መካኒክነት የስፌት መኪና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ ሰው ካልጮኸ በማይሰማማበት አዳራሽ፣ ካቻቢቴዋን ደረት ኪሷ ላይ ሰክታ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ስትል ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌሎቹ የሥራ ልምድ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። እሷ ግን ባለ ረጅም ክንድ የሆነች አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና አስጭና ወጣች።

ይህች መኪና እንደ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አይደለችም። የምትሰፋው ትልልቅ ብርድ ልብስ ነው፤ ከላይ ጨርቅ፣ መሐሉ ጥጥ፣ ከሥር ሌላ ጨርቅ። ሦስቱ ተነባብረው ሦስት ሜትር ተኩል በሚሆን የብረት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራሉ። ጨርቁ ባለበት ይቆማል፤ መኪናዋ ናት በትናንሽ ጎማዎች ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተች የምትሰፋው። ማዕቀፉ የወንድሟን ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያዘ። ሶፋው በረንዳ ላይ ተጣለ፣ ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ገባ፣ ምግብ የሚበላው ኮሪደር ላይ ሆነ። ወንድሟ የረጅም መስመር አውቶቡስ ሾፌር ነው። «አውቶቡስ ውስጥ ከምበላው ይሰፋል» ብሎ ነገሩን በቀልድ አሳለፈው።

ጠጋኟ መካኒኳ፣ ሰፊዋ የወንድሟ ሚስት ነበረች። የወንድሟ ሚስት እጇ የተባረከ ነው፤ መኪናዋን እንደ እርሳስ ይዛ ቅጠል ትስልባታለች። መካኒኳ ግን አንድ መስመር ቀጥ አድርጊ ብትባል እንኳ ያልባታል። እንዲህ እየተደጋገፉ ሦስት ዓመት ሠሩ። አንዷ «እትዬ» ስትል ሌላዋ «ልጄ» ትላለች፤ ፍቅራቸው የእናትና የልጅ ነው የሚመስለው።

ከዚያ አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት የመካኒኳ እናት ሞቱ። ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ መካኒኳ ለሳምንት ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ስትመለስ የእናቷን ቁም ሣጥን ባዶውን አገኘችው። ቀሚሶቹ በሙሉ በካሬ በካሬው ተቆርጠው፣ ተገጣጥመው፣ አንድ ብርድ ልብስ ሆነው አልጋዋ ላይ ተዘርግተዋል።

«ላስደስትሽ ብዬ ነው» አለች የወንድሟ ሚስት።

መካኒኳ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ስታይ መሐሉ ላይ ሰማያዊውን ቀሚስ አገኘችው። እሱን ሳታሳጥብ፣ እንደተሰቀለ ልታስቀምጠው ነበር ያሰበችው፤ የእናቷ ጠረን ነበረበት። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአራት ዓመት ሁለቱ ሴቶች አፍ ለአፍ አልተነጋገሩም።

ሥራው ግን አንድ ቀን አልቆመም። መካኒኳ በየማለዳው ቀድማ ትነሳና ሶኬቱን ትነቅላለች። የታች ክር የሚጠቀለልበትን የቦቢን ቤት አውጥታ ውስጡ የተጠራቀመውን የክር ብናኝ በትንሽ ብሩሽ ትጠርጋለች። በአፏ አትነፋም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብረት ያዝጋል። ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ ታደርጋለች፤ ሁለት ከሆነ ነጩ ጨርቅ ላይ ይወጣል። ጎማዎቹንና ሐዲዱን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ትወለውላለች። መርፌ ከአንድ ብርድ ልብስ በላይ አታሠራም። በወር አንዴ ውሃ ልክ ማዕቀፉ ላይ አስቀምጣ እግሮቹን ታስተካክላለች፤ ማዕቀፉ ካዘነበለ መኪናዋ በራሷ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ትሸሻለችና። በመጨረሻ ሶኬቱን ሰክታ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ትሰፋና የላይና የታች ክሩ መያያዙን አይታ፣ ጨርቁን እዚያው ትታ ትወጣለች። «ዝግጁ ነው» ማለቷ ነው። የወንድሟ ሚስት ቅር ያላት እንደሆነ በዚያው ቁራጭ ላይ በጠመኔ «ላልቷል» ብላ ትጽፋለች። በማግስቱ ክሩ ጠብቆ ይገኛል።

የቀረውን ነገር የሚያመላልሰው ወንድምዬው ነበር።

«ጨዉን ታቀብለኝ በላት።»

«እታለም፣ ጨው አቀብያት።»

«ክርኗ ሥር ነው በላት።»

«ክርንሽ ሥር ነው አለች» ይላል ምስኪኑ፣ ከሁለቱ እኩል ክንድ በማይሞላ ርቀት መሐል ተቀምጦ። ሊያስታርቅ ሽማግሌ አምጥቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ኮሪደሩ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠው፣ ያቅማቸውን ተናግረው ሄዱ።

በአራተኛው ዓመት አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አሥራ አራት ብርድ ልብስ አዘዘ። ዓርብ መድረስ ነበረበት። ማክሰኞ ወንድምዬው ለአራት ቀን ጉዞ ወጣ። ረቡዕ ጠዋት፣ አሥረኛው ላይ፣ ከሳሎኑ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

መካኒኳ ከጓዳ ስትደርስ መኪናዋ ቆማለች፣ መርፌው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጨርቁን የገጣጠሙት የማሳደጊያው ሞግዚቶች ናቸው፤ አንዷ ስፒል ረስታበታለች። የወንድሟ ሚስት የተጣመመውን ስፒል በመዳፏ ይዛ አሳየቻትና ዞር አለችላት።

መካኒኳ ስብርባሪውን ለቅማ አዲስ መርፌ ከተተች። መኪናዋ ትዞራለች፣ ክሩን ግን አትይዝም። ምን እንደሆነ ገባት፤ መንጠቆው ከቦታው ተንሸራትቷል። መርፌው ወደ ታች ወርዶ ጥቂት መነሳት ሲጀምር የመንጠቆው ጫፍ ከኋላው ልክ በሰዓቱ ማለፍ አለበት። ፀጉር ታህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ስፌት የለም። ፋብሪካ ሳለች ስንቱን አስተካክላለች። ያኔ ግን ረዳት ነበራት፤ መንጠቆው ፊት ለፊት ነው፣ የእጅ ማዞሪያው ከኋላ፣ የመኪናዋ ክንድ ደግሞ ከእሷ ክንድ ይረዝማል።

ማዞሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ልትገፋ ሞከረች። ማዞሪያውን በገመድ አስራ በጥርሷ ሳበችው። አንዴ ተሳካልኝ ስትል ብሎኑ ሳይጠብቅ መንጠቆው ሸተት አለባት። ጀርባዋ ነደደ። የወንድሟ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። መልእክት የሚያደርስ ሰው የለም፤ ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው።

«ማዞሪያውን ያዢልኝ» አለች መካኒኳ፣ ቀና ሳትል።

የወንድሟ ሚስት ዞራ ሄዳ ያዘች። «በየት በኩል ላዙር?»

«ወደ አንቺ። ቀስ። ትንሽ። አቁሚ። አልፈሻል፣ መልሺ።»

«አሁንስ?»

«የስንዴ ቅንጣት ታህል ጨምሪ። በቃ፣ እንዳትነቃነቂ።»

ሦስቱን ብሎኖች ማላላት፣ መንጠቆውን ማስጠጋት፣ መልሶ ማጥበቅ፣ አንድ ዙር ማየት። ሁለቴ አልሆነም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ የወንድሟ ሚስት ከመኪናዋ ኋላ ሆና ተናገረች።

«እትዬ፣ ያኔ ሳልጠይቅሽ የቆረጥኩት እንዳትከለክዪኝ ፈርቼ ነው።»

መካኒኳ እጇ ብሎኑ ላይ ቀረ። «እከለክልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሰማያዊውን ብቻ ብትተዪልኝ ሌላውን ምንም አልልም ነበር።»

«እሱንስ የት አውቄ? ብትነግሪኝ…»

«እናቴ በሞተች በሁለት ወሯ ምን ብዬ ነው የምነግርሽ?» የወንድሟ ሚስትም ይቅርታ አድርጊልኝ አለች፣ በሹክሹክታ፤ ማዞሪያውን ግን አልለቀቀችም። መካኒኳ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ቀሚሱ ተመልሶ ቀሚስ አይሆንም፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ።

«አዙሪ» አለች በመጨረሻ።

በአምስተኛው ሙከራ መንጠቆው ክሩን ለቀም አደረገ። መካኒኳ ጫፉ ላይ የቀረውን ሻካራ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ ዘይት ጠብ አደረገችና «ስፊ» አለቻት። የቀሩትን ጨርቆች ከመወጠራቸው በፊት አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ሌላ ሁለት ስፒል ተገኘ። አሥራ አራቱም ዓርብ ከቀትር በፊት ለማሳደጊያው ደረሱ።

ቅዳሜ ወንድምዬው ገብቶ እንደ ልማዱ መሐላቸው ተቀመጠ። ሚስቱ «ውሃ አቀብዪኝ» ስትል ወደ እህቱ ዞሮ «እታለም፣ ውሃ…» ማለት ሲጀምር ውሃው በፊቱ አልፎ ሄደ። አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። ከዚያ ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላ።

ፍጹም ሰላም ወርዷል ማለት አይደለም። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ ሻንጣ ውስጥ ነው። መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚለው ይነታረካሉ፤ አንዷ ብርሃን ትፈልጋለች፣ ሌላዋ አቧራው ሐዲዱን ይበላል ባይ ናት። ግን ንትርኩ በአፍ ነው። ባለፈው በጋ አምስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ አንድ የአዳሪ ተማሪዎች ትምህርት ቤት የዚህች ዓይነት መኪና ተበላሽታበት መካኒኳን አስጠራ። የመሣሪያ ሳጥኗን አዘጋጅታ ስትወጣ የወንድሟ ሚስት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቃለች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«ማዞሪያውን ማን ሊይዝልሽ ነው?»

በወንድምዬው አውቶቡስ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። እሱ እንደሚለው አምስቱን ሰዓት ሙሉ የጥጥ ክር ይሻላል የናይለን እያሉ ሲከራከሩ ነበር፤ ከኋላቸው የተቀመጠ መንገደኛም ሳይጠየቅ የጥጡን ወገን ይዞ ገባበት።