የወንድሜ ግማሽ

እናቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያውቀው መጥረጊያዋን ነው። ዕድሜዋን በአውቶቡስ መናኸሪያ ጽዳት ላይ ጨርሳ ጡረታ ወጣች፤ እሷ ወጣች እንጂ እጇ አልወጣም። ጠዋት ተነስታ ደጃችንን ትጠርጋለች። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ደጅ እንደ አዲስ ትጠርገዋለች። «እማዬ፣ ማን ረገጠው?» ብላት «አንቺ አየሽው እንጂ ማንም አልረገጠውም፤ ዓይንሽ ራሱ ያቆሽሻል» ትለኛለች። ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

አጠራረጓ የራሷ ነው። ሦስቴ አጠር አጠር አድርጋ ትስብና መጥረጊያውን ደረጃው ላይ ታንኳኳዋለች፣ አቧራውን ለማራገፍ። ሸር፣ ሸር፣ ሸር፣ ጠቅ። እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚህ ድምፅ ነው። ተኝተን ስንሰማው እናታችን ቤት አለች ማለት ነው፤ ገልበጥ ብለን እንቅልፋችንን እንቀጥላለን። ጠረጋዋን ስትጨርስ ደግሞ የውጭውን በር ትቀረቅራለች፣ ጠራራ ፀሐይም ቢሆን። መናኸሪያ ያላየችው የሌባ ዓይነት ስለሌለ በር ክፍት ትቶ የሚቀመጥ ሰው ያናድዳታል።

ወንድሜን እናቴ «አባቴ» ትለዋለች፣ እኔ ደግሞ «አጅሬ» እለዋለሁ። የሞተር መካኒክ ነው። ከሥራ ሲመጣ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ጌም ላይ ይጣዳል፤ የኪቦርዱ ቁልፎች ሁሉ ግሪስ ግሪስ ይሸታሉ። እኔ ያልተሠሩ ቤቶችን ሥዕል እሠራለሁ። መሐንዲሱ ንድፉን ይልክልኛል፤ ኮምፒውተር ውስጥ ግድግዳውን አቁሜ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ ወንበር አስቀምጬ፣ ፀሐይ በመስኮት አስገብቼ ፎቶ የመሰለ ሥዕል አወጣለሁ። አንዷን ሥዕል ለማውጣት ኮምፒውተሩ ሰዓታት ይለፋል። ስለዚህ በቤታችን በነበረችው አንዲት ኮምፒውተር የተነሳ አጅሬና እኔ ስንቧቀስ ነው የኖርነው።

ኮምፒውተሯ ስትሞት ሌላ ልንገዛ ሄድን። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠውን ሰውዬ ሰፈሩ «ቱርቦ» ይለዋል፤ ወሬ ከጀመረ አይተነፍስም። ሁለት ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል የሚሉትን፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን።

«ስሙኝ» አለ። «ይሄኛው የዴስክቶፕ ነው። ኮሩ፣ ውስጡ ያለው ሠራተኛ በለው፣ ጥቂት ነው፤ ግን እያንዳንዱ እሳት ነው። ጌም የሚፈልገው እሱን ነው፤ ጌም ፍጥነት እንጂ ብዛት አይገባውም። ይሄኛው ደግሞ የሰርቨር ነው፣ ከአንድ ድርጅት ተነቅሎ የመጣ። የኮሩ ብዛት ጉድ ነው! ግን አንድ በአንድ ካየሃቸው ቀርፋፎች ናቸው። ለእህትህ ሥራ እንደሱ ያለ የትም አይገኝም፤ ሥዕሉን ተከፋፍለው ሁሉም የየራሱን ጥግ ይዞ ይሠራል። ለጌም ግን፣ ወንድሜ፣ ያስለቅስሃል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ይሄ ማረፍ አያውቅም። ሲፈጠርም ለዓመታት ሳይጠፋ እንዲሠራ ነው።»

አጅሬ የትኛውን እንደሚያነሳ አውቄ ለጠብ እየተዘጋጀሁ ነበር። «የሰርቨሩን ስጠን» አለ።

«ጌምህስ?» አልኩት ደንግጬ።

«ለጌሙ እኔ አውቃለሁ። ለፕሮሰሰሩ የሚሆን ጌም እፈልግለታለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ፊቱን አዞረ። አጅሬ እንዲህ ነው፤ ደግ ሲሠራ ያኮረፈ ይመስላል።

ማሽኑን ለሁለት ከፈለው። ግማሹ ኮር የእኔ፣ ግማሹ የእሱ፤ አንዳችን የሌላውን እንዳንነካ። ከዚያ መሮጥና መተኮስ ወደሌለበት፣ በድሮው ኮምፒውተር ሞክሮ ወደተወው ጌም ተመለሰ። ከተማ ነው። ሰዎቹ እያንዳንዳቸው ቤት አላቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ። በድሮው ኮምፒውተር ሠላሳ ሰው ሲሞላ ከተማው ይንገታገት ነበር። በአዲሱ ሺዎች ሆኑለት። የኛ አንድ ቀን ለእነሱ ወራት ነው።

«የድሮው ስታጠፊው ከተማው ባለበት ቀጥ ይል ነበር» አለኝ አንድ ጊዜ። «ባልዲ ያነሳው ባልዲውን እንዳነሳ። ስመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ይሄ ግን አይጠፋም። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ይኖራሉ። ያኛው ይጠብቀኝ ነበር፣ ይሄኛው አይጠብቀኝም።» እየሳቀ ነበር ያለው። እኔ ግን ያኔም ደስ አላለኝም።

ከዚያ የመርከብ ሥራ አገኘ፣ የጭነት መርከብ መካኒክ። ሻንጣውን ዘግቶ «ግማሼን እንዳትነኪ» አለኝ። «ከየትም ሆኜ በስልኬ ብቅ እልበታለሁ።» የይለፍ ቃሉንም ነገረኝ፣ ማሽኑ ቢታመም እንዳክመው። እናቴ በር ላይ አቅፋው «ቶሎ ና፣ አባቴ» ብቻ አለችው።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ቆየና አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ቀረ። የላከውን ድርጅት ስንጠይቅ «መርከቡ ጉዞ ላይ ነው» አሉን፤ ሌላ ጊዜ ስንደውል ስልኩንም የሚያነሳ ጠፋ። ጌሙ ውስጥ የተጫዋቾች ዝርዝር አለ፤ የገባ ሰው ስሙ አረንጓዴ ይሆናል። የአጅሬ ስም ግራጫ እንደሆነ ከረመ። እናቴ አላለቀሰችም። መጥረጓን ግን አበዛችው፤ እኩለ ቀንም ጨመረች።

ማሽኑ ያለው በእሱ ክፍል፣ ከአልጋው ራስጌ ነው። እኔ ሥራ በሌለኝ ቀን እንኳ ማራገቢያው ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፣ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። እናቴ እየገባች መዳፏን ትጥልበታለች።

«ሞቋል» ትላለች። «ሰው አለበት።»

«እማዬ፣ ጌም ነው።»

«ጌም ከሆነ ለምን ይሞቃል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እኔም እጄን አሳርፍበት ነበር።

ታዲያ አንድ ትልቅ የሆቴል ሥራ መጣልኝ፤ በራሴ ስም የያዝኩት የመጀመሪያው። ግማሽ ማሽኔ ሌት ተቀን ቢሠራም በቀኑ እንደማይደርስ ገባኝ። ሙሉው ከሆነ ይደርሳል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ እናቴን «የአጅሬን ግማሽ ልወስደው ነው» አልኳት።

«ሰው የሚኖርበትን ቤት?»

«እማዬ በናትሽ! ሥራ ነው፣ ስሜ ነው የሚጠፋው!»

ብዙ ተጨቃጨቅን። እኔ ጮህኩ፣ እሷ ኮሪደሩን መጥረግ ጀመረች፤ ጠረጋዋ ከጩኸቴ ይብሳል። መጨረሻ ላይ «እሺ፣ ከማስወጣትሽ በፊት ማን እንዳለበት አሳይኝ» ብላ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

እኩለ ቀን ነበር፣ መጋረጃው ተከፍቶ ክፍሉ በፀሐይ ተሞልቷል። የእሱን ግማሽ በራሴ ስም ከፈትኩት።

ያን ሁሉ ሺህ ሰው ስጠብቅ መንገዱ ባዶ ነው። ሣር በቅሎበታል። ጣሪያዎቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ለከተማው ውሃ የሚስበው መዘውር ተሰብሮ ቆሟል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው አጅሬ ነበር፣ ውሃ ሲጠፋ ከተማው እንደጠፋ ገመትኩ። ስክሪኑን ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ሳዞረው ኮረብታው ከሥር እስከ ጫፉ መቃብር ነው። ቀና ብዬ ማሽኑን አየሁት። ማራገቢያው እየጮኸ ነው። ለማን ነው ታዲያ እንዲህ የሚለፋው?

ያኔ ከድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ሸር፣ ሸር፣ ሸር፣ ጠቅ።

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ መጥረጊያው ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። ሸር፣ ሸር፣ ሸር፣ ጠቅ።

ድምፁን ተከትዬ ስክሪኑን ገፋሁት። ከመንገዱ ዳር አንድ ያልፈረሰ ቤት አለ፤ ደረጃው የኛ ደረጃ ነው፣ በሩም የኛ በር። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ደጅ ትጠርጋለች። ዙሪያዋ ሁሉ አፈርና ፍርስራሽ ሆኖ የእሷ ደጅ ንጹሕ ነው። አጅሬ የእናታችንን የመጥረጊያ ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ሰጥቷታል ማለት ነው፤ መቼ እንዳደረገው እግዜር ይወቅ።

ስነካት የተሰጣት ትእዛዝ ወጣ። ስም፦ እማዬ። ሥራ፦ ደጅ መጥረግ። እስከ መቼ፦ እሱ እስኪገባ። ሲገባ ታርፋለች፣ ሲወጣ መልሳ ትነሳለች። ከታች ደግሞ፦ አትሞትም።

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እናቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየቻት።

«ስንት ጊዜዋ ነው?» አለች።

«በእነሱ አቆጣጠር... ብዙ ዓመት ነው እማዬ። የአንድ ሰው ዕድሜ ያልፋል።»

«ቆማ?»

«አዎ።»

«ወንበር እንኳ አላስቀመጠላትም?» ጣቷን ስክሪኑ ላይ ቀሰረች። «ይሄ ባለጌ! ሰው እንዲህ አቁሞ ይሄዳል? አንዲት ወንበር ምን ነበረበት?» አለችና አለቀሰች። ከሄደ ወዲህ ስታለቅስ ያን ቀን ነው ያየኋት። አንጀቴን በላችው፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ትንሽ ሲበርድልን «የይለፍ ቃሉ አለኝ» አልኳት። «በእሱ ስም ልግባና ጌሙ ውስጥ ያለውን የእሱን ሰው በሩ ድረስ ላምጣው። አሮጊቷም ትረፍ።»

እናቴ ፊቷ ተቀያየረ። «አንቺ ልጄን ሆነሽ? ሌላ ሰው ልጅሽ ነኝ ብሎ በሬን ቢያንኳኳ ደስ የሚለኝ ይመስልሻል? እሷስ ሰው አይደለችም? ተይ! ወንበር ብቻ ስጫት።»

ለሆቴሉ የአትክልት ቦታ የሠራሁት አግዳሚ ወንበር ነበረኝ፣ ጥሩ የእንጨት። አምጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩላት። አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዙሪያውን ጠረገችው፣ ሥሩንም ጠረገችውና ወደ ደረጃው ተመለሰች። እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «እኔም ብሆን እንዲሁ ነው የማደርገው» አለች።

የአጅሬን ግማሽ አልወሰድኩም። የሆቴሉን ሰዎች ጊዜ ጨምሩልኝ ብዬ ብለምን የመግቢያውን ሥዕል ብቻ ትተውልኝ የቀረውን ለሌላ ሰጡት። አልዋሽም፣ አንጀቴ አርሯል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የከሰዓቱን ጠረጋ ጨርሳ በሩን ትቀረቅርና ወደ አጅሬ ክፍል ትመጣለች። አልጋው መሐል ላይ ቁጭ ብላ አሮጊቷን ታያታለች። አንዳንዴ ታወራታለች። «እዚያ ጥግ ቀርቶሻል» ትላታለች። እኔ በግማሼ እሠራለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ፣ ሸር፣ ሸር፣ አለና ሦስተኛው ቀረ። ጠቅ የሚለውም ቀረ። ሁለታችንም ቀና አልን።

አሮጊቷ መጥረጊያውን በአየር ላይ እንደያዘች ቆማለች። ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሄዳ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ጫፉ ፈቀቅ አለች፣ ለሰው ቦታ እንደምትለቅ።

ዘልዬ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከፈትኩ። የአጅሬ ስም አረንጓዴ ሆኗል።

«ገብቷል! እማዬ፣ ገብቷል!» ከተማውን አሰስኩት፤ መንገዱን፣ መዘውሩን፣ ኮረብታውን። የትም የለም። ወንበሩ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት። «አንተ ነህ? እማዬ አጠገቤ ናት፣ እባክህ አንድ ቃል በል» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። ማራገቢያው ቀስ በቀስ ዝቅ አለና ጸጥ አለ። ያን ያህል ጊዜ ከማሽኑ ጋር ስኖር እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ስሙ መልሶ ግራጫ ሆነ።

«ወጣ» አልኩ። «አሁን ትነሳለች። ሲወጣ ትነሳለች ነው የሚለው።»

ጠበቅን። አልተነሳችም። መጥረጊያው ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው። ፊቷን ወደ ባዶው የወንበሩ ጫፍ መልሳለች፤ ወሬ የሚነግራትን ሰው እንደምታዳምጥ አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች።

እናቴ ማሽኑ ላይ መዳፏን ጣለች። «ቀዝቅዟል» አለች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነስታ ወጣች። የውጭው በር መቀርቀሪያ ተስቦ ሲከፈት ሰማሁ። ተመልሳ መጣችና አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮው መሐሉ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ።

በሩ ከዚያን ቀን ወዲህ ተቀርቅሮ አያውቅም።