ዘይቱ ተቀይሯል ወይ?

እናቴ ካረፈች በኋላ ባሕር ዳር የነበረኝን የመምህርነት ሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም አዛውሬ አባቴ ቤት ገባሁ። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ትዳርም ልጅም አላቸው። እኔ ከባሌ ተለያይቼ ብቻዬን ስለነበርሁ አባታችንን ማን ይያዝ የሚለው ነገር ብዙም አላከራከረንም። «አንቺ ትሻያለሽ፣ አንቺን ይለምዱሻል» አሉኝ በስልክ። እኔም ዕቃዬን ሸክፌ መጣሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከሽንዲ በቆሎ፣ ከቡሬ በርበሬ ጭነው አዲስ አበባ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱ ሳሙናም ቆርቆሮም፣ የተገኘውን ይጭናሉ። ዓይናቸው ሲደክም ትልቁን መኪና ሸጡና ያገለገለች ነጭ ፒካፕ ገዙ። በእሷ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ያደርሱ፣ ቡሬ ዘመድ ይጠይቁ ነበር። እኔ ስመጣ ቁልፉ ለእኔ ተላለፈ።

የመርሳት ሕመማቸው ያን ጊዜ ጀምሯቸው ነበር። መጀመሪያ ትንንሹ ነገር ነበር የሚጠፋባቸው። ጫማቸውን፣ ከዘራቸውን፣ ዳዊት ሲደግሙ የደረሱበትን ቦታ ይረሱ ነበር። ቀጥሎ የእናቴን መሞት ረሱ፤ ይህኛው ለሁለታችንም ከባድ ነበር። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ቁርሳቸውን ሳቀርብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አሉኝ። በእኛ አገር እታለም የማትባል ሴት የለችም። መንገድ ላይ ላገኟትም፣ ውሃ ለሰጠችም የሚባል ደግ ቃል ነው። አባቴ ግን እኔን እንደዚያ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

የማይረሱት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡና ፒካፗ አጠገብ ቆመው ይጠይቁኛል።

«ዘይቱ ተቀይሯል ወይ?»

«ተቀይሯል አባዬ፣ ባለፈው ወር።»

«ባለፈው ወር!» ይደነግጣሉ። «አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሞተር እንዴት ዘይቱ ሳይቀየር ያድራል?»

ለእሳቸው እያንዳንዱ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተመለሱበት ማግስት መሆኑን የገባኝ ቆይቶ ነው። የዚያን ጊዜው መኪና ያረጀ፣ ጭነቱ የከበደ፣ መንገዱም አቧራ ነበር፤ ደርሶ መልስ በሆነ ቁጥር ዘይት ይቀየራል። ይህ ደንባቸው ነበር፤ ሞተር አቃጥለውም አያውቁም። እኔ ደግሞ መምህር ነኝና ማስረዳት ያዝሁ። ፒካፗ ትምህርት ቤትና ገበያ፣ ሲበዛ እሑድ ቡሬ ነው የምትሄደው። መካኒኩ በአምስት ሺህ ኪሎሜትር ቀይሪ፣ ያንን ካልሞላች ግን በስድስት ወር ብሎኛል። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንግዳ ሰው በሚሰማበት ጨዋነት ይሰሙኛል። ስጨርስ «መልካም። ዘይቱ ግን ተቀይሯል ወይ?» ይላሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት እግር ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ አየሁ። አባቴን ብቅ እያሉ የሚያዩልኝ ጎረቤታችን ገበያ ሄደው ነበር። እየጮኽሁ ሮጥሁ። አባቴ በጀርባቸው ተኝተው፣ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈትተው፣ ዘይቱ ሁሉ መሬት ላይ ፈሶ ግቢው ጠቁሯል። ጋቢያቸው ዘይት ጠጥቷል። ፊታቸው ላይ ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ ያላየሁት እርካታ ነበር።

«ነገ በርበሬ እጭናለሁ» አሉኝ። «አዲሱን ዘይት አቀብይኝ።»

አዲስ ዘይት ቤት ውስጥ አልነበረም። ሳላይ አስነስቻት ቢሆን ኖሮ ሞተሯ ያለ ዘይት ነክሶ እዚያው ይደርቅ ነበር። እሳቸውን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ካስተኛሁ በኋላ ለታላቅ ወንድሜ ደወልሁ። «መኪናዋን ሽጫትና ተገላገይ» አለኝ። ከድምፁ ኋላ የልጆቹ ጨዋታ ይሰማ ነበር። መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ አለ። የአዲስ አበባው መንገድ በጸጥታው ችግር አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ስለዚህ ያ መልስ ሁልጊዜም እውነት ነበር።

መካኒኩ በቡሬ መውጫ ላይ ጋራዥ ያለው፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው። የሆነውን ስነግረው መጥቶ ዘይት ሞላልኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቴ አሁንም ይቀየር እንደሚሉ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እሳቸው ባሉ ቁጥር መቀየርማ ብክነት ነው። ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ። ፊታቸው እናፈሰዋለን፣ በንጹሕ ሳፋ እንቀበለዋለን፣ ዞር ብለን ያንኑ እንመልሰዋለን። አይተው ያርፋሉ፤ አንቺም ታርፊያለሽ።»

ደስ ባይለኝም እሺ አልሁ። ደክሞኝ ነበር።

ቅዳሜ አባቴን አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥናቸው። መካኒኩ ቡሎኑን ፈታ፣ ዘይቱ ሳፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ፣ ወደ ጓዳ ይዞት ገባና በቢጫ ጀሪካን አድርጎ ተመለሰ። ኮፈኑን ከፍቶ ሞላው። ሁሉም ነገር የተሳካ መስሎኝ ነበር። አባቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ሳቡ፣ ጫፉን በጣታቸው ጠረጉ፣ በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ይኼ የተቃጠለ ዘይት ነው» አሉ።

«አዲስ ነው፣ አባቴ» አለ መካኒኩ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «መኪናዋ ያንቺ ናት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ባል፣ ወንድም የለሽም?»

«የሉም» አልሁ።

«እንግዲያ ብቻሽን መሆንሽን አይተው ነው የሚያታልሉሽ። አትፍሪ፣ እኔ አለሁ።» ከዘራቸውን አንሥተው መካኒኩ ላይ ቀሠሩ። «ስማ! ለዚች ልጅ ደህናውን ዘይት አምጣላት። ሰው የለኝም ብላ ዝም አለች እንጂ ጠፍቷት አይደለም!»

መካኒኩ ገብቶ ያልተከፈተ ዘይት አመጣ፣ ፊልትሮውንም ለወጠ። አባቴ እንደገና ዘንጉን ስበው አዩና «አሁን ደግ» አሉ። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ዞሬ፣ ጎማ የማይ መስዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። አባቴ ቆመውልኝ ነበር፤ የቆሙላት ሴት ግን ማን እንደሆነች አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ወጡ። «ዘይቱ ተቀይሯል ወይ?» አሉኝ። ተቀይሯል ብዬ ዝም አላልሁም፤ ኮፈኑን ከፍቼ ዘንጉን አቀበልኋቸው። አሹት፣ አሸተቱት፣ «ደግ ነው» ብለው መለሱልኝና ቁርሳቸውን ሊበሉ ገቡ። ያን ቀን ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ስለዚህ ከራሴ ጋር ተማክሬ ወሰንሁ። ዘይቱ መካኒኩ እንዳለው በስድስት ወሩ፣ ክረምት ሊገባ ሲልና በበጋው አጋማሽ ላይ ይቀየራል። ማየቱ ግን በየጠዋቱ ነው። የትምህርት ቤት ደወል ቢያመልጠኝም ማየቱ አይቀርም። እያደር ዘይቱ ሲጠቁር የሚቆጡ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ቀስ በቀስ የጠቆረውን ግን «ሠርቷል፣ ገና አልደከመም» እያሉ ያልፉት ነበር።

ኮፈኑ ሥር ስንቆም አባቴ ይጫወቱልኝ ነበር። ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ፣ ደምበጫ የቱ ቤት ጥሩ ሽሮ እንዳለ፣ ሚስታቸው ዘይት የነካውን ልብስ ለብቻ እንደምታጥብ ነገሩኝ። ልጃቸው ሆኜ ሳድግ ያልሰማሁትን ነገር ሁሉ እንግዳ ሆኜ ሰማሁት። ትምህርት ቤት ከተማሪዎቼ ጋር ስጮህ እውላለሁ፤ ሰው ከሰው ጋር የሚያወራው ወሬ ግን የቀረኝ ያ የጠዋቱ ብቻ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ጠዋት ሳይወጡ ቀሩ። ቁርስ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ዘይቱን አያዩም?»

«የምን ዘይት?»

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። እገላገላለሁ ስል የኖርሁት ነገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ቤቱ እናቴ ከሞተች ቀን ይልቅ ጸጥ ያለብኝ በዚያ ሳምንት ነው። ያን ቀን ለቅሶ ደራሽ ነበረ፤ የአባቴ ጥያቄ ሲቀር ግን ማን ይደርሳል? ለወንድሜ ስነግረው «ጥሩ ነዋ፣ ዐረፍሽ» አለኝ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ዘይቱን አስቀየርሁ። መካኒኩ ሳልጠይቀው የተዘጋውን ጣሳ አሳይቶኝ ከፈተ። አባቴ ጋቢና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ነበር። ከዚያው ወደ ቡሬ ቀጠልን፤ አክስቴ ታማ ልንጠይቃት ነበር። ማሳው ታጭዷል፣ መንገዱ ያን ቀን ክፍት ነው፣ ሞተሯም ድምፅዋ ለስልሷል። ማንኩሳን እንዳለፍን አባቴ ነቅተው ወደ እኔ ዞሩ።

«የት ላውርድሽ?»

መሪው በእኔ እጅ ነበር። «ቡሬ» አልሁ።

«ቡሬማ ቅርብ ነው» አሉና መንገዱን ማየት ጀመሩ።